ከሰል፣ የውሃ ቀለም፣ አክሪሊክ ወይስ ዘይት፦ ስሜታችንን በረቂቅ ሥዕል ለማውጣት የቱን እንምረጥ?

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት፣ ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል፣ አንድ ሸራ ግድግዳ ላይ አስደግፌ አክሪሊክ ቀለም ከፈትኩ። የነበረኝ ጥቁር፣ ነጭና አፈርማ ቡናማ ነው። ሰው ወይም ቤት ልሥል አላሰብኩም፤ ደረቴ ላይ የተቀመጠውን ክብደት ወደ ሸራው ማውረድ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የቀባሁት ሁሉ ደረቀ። በላዩ ደገምኩ፤ እሱም ደረቀ። አራቴ ደጋግሜ ስጨርስ ፊቴ የቆመው ድርቅ ያለ ወፍራም ግራጫ ነገር ሆነ። ክብደቱ ግን እዚያው ደረቴ ላይ ነበር።

ያን ቀን በችሎታዬ አሳበብኩ። ነገሩ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው። ስሜት የራሱ ፍጥነት አለው፤ ቀለምም እንዲሁ። ቁጣ በደቂቃ ይፈላል፣ ሐዘን ወራት ይወስዳል፣ ናፍቆት ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ከሰል ወዲያው ይታዘዛል፣ አክሪሊክ በደቂቃዎች ይደርቃል፣ ዘይት ለቀናትና ለሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ "ስሜቴን ለመግለጽ የቱ ይሻለኛል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሼ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ያ ስሜት ምን ያህል ጊዜ ይፈልጋል? ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር የሠራሁት በዚሁ ሚዛን ነው። ዋጋና ቦታም ይነሣሉ፤ ግን ከዚያ በኋላ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። ረቂቅ ሥዕል የምለው፣ አብስትራክትም የሚባለው፣ የሚታወቅ ነገር መልክ ሳይሠራ በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ ብቻ የሚናገረውን ነው። "ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ አይገባኝም" የሚል ሰው ዛሬም ብዙ ነው። ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ይኸው ትችት ገጥሞታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የሐረሩ ሰው፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ የነበሩ የቤተ ክህነት ሊቅ ልጅ ነው ባዕድ ነገር አመጣህ የተባለው። ለመሆኑ የሐበሻ ቀሚስ ጥበብ የምን ሥዕል ነው? በብራና ገጽ ራስጌ የሚጠላለፈው ሐረግስ? ለሐዘን ነጠላ ስንለብስ ጥለቱ ወደ አንገት ይዞራል። አንድ ቃል ሳይነገር የዚያች ባለቀለም ጭረት አቀማመጥ ብቻ "ይህ ሰው ሐዘን ላይ ነው" ትለናለች፤ ሁላችንም እናነባታለን። ረቂቅ ሥዕልን ማንበብ የምንጀምረው ከዚያ ነው።

ከሰል፦ ለሚቸኩል ስሜት

ለቁጣ፣ ለድንጋጤ፣ ድንገት ለሚገነፍል ደስታ ከሰልን የሚያህል አላገኘሁም። ክዳን የለው፣ ውሃ አይፈልግ፣ ቀለም በጥብጡልኝ አይል። እጅ ውስጥ በገባበት ቅጽበት ይሠራል። ጠንክረው ሲጫኑት ድቅድቅ ጥቁር ነው፣ ሲያቀሉት ጭስ፣ በመዳፍ ሲያሹት ደመና። ከክንድ ወደ ወረቀት በሚደረገው ጉዞ መሃል ምንም የሚያዘገይ ነገር የለም።

አንድ ጊዜ ለወራት የደከምኩበት ሥራ በስብሰባ ላይ በሌላ ሰው ስም ቀረበ። አፌን ይዤ ወጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ካኪ ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋሁና ተንበርክኬ ጀመርኩ። ከሰሉ ሁለት ጊዜ እጄ ውስጥ ተሰበረ። መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ ላይ ዛሬም ፍንጥቅ ያለ ዱቄት ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ መስመሩ ከአጠረው ከሰል ጋር ሰፍቶ፣ ጎኑን ዞሮ ይቀጥላል። ያንን ስብራት አቅዶ ሊሠራው የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ነገር ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ እጄን ታጥቤ ራቴን በላሁ።

ለሠዓሊ የሚዘጋጀው ከሰል እንደ አኻያ ካለ ቀጭን እንጨት አየር ታፍኖ የሚከሰል ስለሆነ ለስላሳና እኩል ነው። እሱ ከጠፋ የምድጃ ከሰልም ይሆናል፤ ቅርፊት የሌለውን፣ ሲያነሡት የሚቀለውን ምረጡ፤ ጠጣሩ ወረቀቱን ይቧጭራል። ጉድለቱም ግልጽ ነው። በነካችሁት ቁጥር ይለቃል፣ ልብስና ግድግዳ ያጠቁራል። የጸጉር ስፕሬይ ከሩቅ ቢነፋበት ይይዘዋል፤ በጊዜ ብዛት ግን ወረቀቱን ሊያቢጨው ይችላል። ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው፦ ለረጅም ስሜት አይሆንም። ከሰል ላይ ሁለት ሰዓት የቆየ ሰው እያሸ እያሸ ጥቁሩንም ነጩንም አንድ ግራጫ አድርጎት ይነሣል።

የውሃ ቀለም፦ ለማይታዘዝ ስሜት

ጀማሪ ሁሉ ርካሽና ቀላል መስሎት የሚነሣው ከዚህ ነው። በእኔ ግምት ግን ከአራቱ ከባዱ የውሃ ቀለም ነው፤ ምክንያቱም አዛዡ እናንተ አይደላችሁም። ነጩ ራሱ ወረቀቱ ነው፤ አንዴ የጠቆረ ቦታ ተመልሶ አይነጣም። ስህተትን በላዩ ቀብቶ መሸፈን አይቻልም።

እኔ የምወደውም ለዚሁ ነው። ናፍቆትን፣ ግራ መጋባትን፣ መጨረሻው የማይታወቅ ጭንቀትን እኛስ መቼ እናዛቸዋለን? ወረቀቱን በንጹሕ ውሃ አርሱት። ገጹ እንደ መስተዋት ሲያብለጨልጭ ሰማያዊ ጣል አድርጉበት፤ ቀለሙ በራሱ እንደ ዕጣን ጭስ ይሄዳል። ከዚያ ጠብቁ። ብልጭታው የሚጠፋባት፣ ወረቀቱ ያልደረቀባት ግን ያላብረቀረቀባት አንዲት ደቂቃ አለች። በዚያች ደቂቃ አንድ ጠብታ ንጹሕ ውሃ ብትጥሉ፣ ውሃው ቀለሙን ወደ ዳር እየገፋ እንደ አበባ ጎመን የተሸራረፈ ጠርዝ ይሠራል። የቀለም አስተማሪዎች ይህን እንደ ጥፋት ይቆጥሩታል። ወንድሜን ቦሌ ሸኝቼ በተመለስኩበት ሌሊት ግን የፈለግኩት ያንን ጥፋት ነበር፦ መሃሉ ባዶ፣ ዳሩ የተጠራቀመ። ስድስት ወረቀት አበላሽቼ አንዱን አስቀረሁ።

ገንዘባችሁን ከቀለሙ ይልቅ ወረቀቱ ላይ አውሉ። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ውሃ ይሸከማል፤ የደብተር ወረቀት ተሸብሽቦ ቀለሙን ኩሬ ኩሬ ያደርገዋል። ቀለሙን ከወረቀት የሚያያይዘው ሙጫ እኛም የምናውቀው የግራር ሙጫ ነው፤ ውሃ በነካው ቁጥር እንደገና ይሟሟል። ስለዚህ የደረቀ ሥዕል ላይ እንባም ሆነ ቡና ቢያርፍ ምልክቱ ይቀራል።

አክሪሊክ፦ ሐሳቡን ለሚቀያይር ስሜት

አክሪሊክ በውሃ ይቀጥናል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይመልሰውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ስስ ቅብ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። ክረምት ላይ ትንሽ ይታገሣል። የአባቴን ሐዘን ያፈነብኝ ይህ ፍጥነት ነው፤ ለሌላ ስሜት ግን ይኸው ፍጥነት ትልቅ ጸጋ ነው።

ለየትኛው? ለተቃረነው። ይቅር ብያለሁ ስንል ለሚያገረሸው ቂም፣ ከእፎይታ ጋር ለሚመጣው ጸጸት፣ ከሀገር ለመውጣት ጓጉቶ መውጣቱን ለሚፈራ ልብ። የታችኛው ሳይነካ የላይኛው ይደረባል፤ ሸፍናችሁ መልሳችሁ ልትገልጡት ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 በልጅነቷ ከሀገር የወጣችው ጁሊ ምህረቱ የታወቀችበት አሠራር እንዲህ ያለ ነው፦ ቀጭን የቀለም መስመርና ምልክት ታኖራለች፣ በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ አክሪሊክ ትደርባለች፣ ትፈገፍገዋለች፣ እንደገና ትሥላለች። ከላይ ያለውን ስናይ ከታች የተቀበረው ይታየናል። ቤት ውስጥ ይህን ለመሞከር ኮምፔንሳቶ ቁራጭ፣ ሦስት ቀለምና ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። መጀመሪያ መናገር የማትፈልጉትን ነገር ቀቡ። ሲደርቅ ልትናገሩት የምትፈቅዱትን ከላይ ደርቡ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ ነክራችሁ ፈግፍጉ። የቱ ቦታ ላይ እጃችሁ እንደሚበረታ ታያላችሁ። (አቧራውን ወደ ሳንባ እንዳታስገቡ በእርጥቡ ይሁን።)

አክሪሊክ ከፊደል ጋርም ይስማማል። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደሎቻችንን ዘርግቶ፣ አጣምሞ፣ ቆራርጦ ቃል እስከማይነበብባቸው ድረስ ሸራ ላይ ሲያስጨፍራቸው በአክሪሊክ ነው። ይህንን ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች አጥብቄ እመክራለሁ፤ "ሀ" ብሎ የጀመረ እጅ ነውና ያለን፣ ምንም መሣል አልችልም የሚል ሰው ፊደል ግን አያቅተውም። አንድ ለማንም ያልነገራችሁትን ቃል ጻፉ፤ በላዩ ደግማችሁ ጻፉት፣ ገልብጡት፣ አሳድጉት፣ ማንም እስከማያነበው ድረስ ሂዱ። የሚቀረው ረቂቅ ሥዕል ነው፤ ምሥጢሩም የእናንተ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ስለ ዕቃው፦ ሸራ ከተወደደባችሁ አቡጀዴ በእንጨት ላይ ወጥራችሁ ሁለት ጊዜ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀቡት። ለሥዕል ማዘጋጃ የሚሸጠው ጄሶና የግንበኛው ጄሶ ግን ስማቸው እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም፤ የግንበኛው በውሃ ብቻ ተበጥብጦ ጨርቅ ላይ ቢቀባ ይሰነጣጠቃል። ብሩሽ ደግሞ ከውሃ ማሰሮ አይውጣ፤ አክሪሊክ የደረቀበት ብሩሽ አይድንም።

ዘይት፦ ለሚቆይ ስሜት

የዘይት ቀለም የሚደርቀው እንደ ሌሎቹ ውሃው ተንኖ አይደለም። በውስጡ ያለው የተልባ ዘይት ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስስ ቅብ ለመንካት ቀናት ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ወራት። ሥዕሉ ቫርኒሽ እስኪቀበል በተለምዶ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይጠበቃል።

ይህን የጊዜ ሰሌዳ መጀመሪያ ሳነብ ደነገጥኩ፤ የማውቀው ነገር ነዋ! ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማኒያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። አባቶቻችን ሐዘን በአንድ ቀን እንደማያልቅ ዐውቀው ደረጃ ሠርተውለታል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ማንም "አሁን ይብቃህ፣ ደርቋል" አይልም። እኔ ግን በአክሪሊክ ራሴን ያልኩት ይህንኑ ነበር።

በአርባው ማግስት የዘይት ቀለም ገዛሁ። ያንኑ ጥቁር፣ ነጭና ቡናማ። መጀመሪያ ሸራውን ሁሉ በቀጠነ ቡናማ ሸፈንኩት፤ ቡናማው የአፈር ቀለም ከሌሎቹ ቶሎ ስለሚደርቅ ለመነሻ ይመቻል። በሳምንቱ ጥቁር ጨመርኩ። ማታ ከሥራ ስመለስ አልተለወጠም፤ እንዳስቀመጥኩት እርጥብ ነው። በጣቴ ገፋ አደረግኩት። አንዳንድ ማታ የማደርገው ይህንን ብቻ ነበር፦ አንድ ጠርዝ ሁለት ሣንቲ ሜትር መግፋት። አንድ ማታ ግማሹን በስፓቱላ ገፍፌ ጣልኩት፤ ከሥሩ የቀረው፣ ስፓቱላው ያልወሰደው ስስ ጥላ፣ ከጣልኩት ሁሉ ይበልጥ አባቴን መሰለኝ። ፊቱን ማለቴ አይደለም። እሱ ከወጣ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀረውን ነገር ነው። እዚያ ላይ አቆምኩና በግራ በኩል ወፈር ያለ ነጭ ብቻ ጨመርኩ። በሙት ዓመቱ ያንን ነጭ በጥፍሬ ጫን አልኩት፤ ላዩ ጠንክሯል፣ ውስጡ ግን ዛሬም ይሰጣል።

ለረጅም ስሜት ዘይት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል። ከሁሉም ውዱ ነው። ሕግም አለው፦ የታችኛው ቅብ ስስ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን አለበት፤ ከተገለበጠ የላይኛው ቀድሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቀለሙ የሚቀጥንበት አኳራጅ ይሸታል፤ መስኮት የሌላት አንድ ክፍል ውስጥ ከልጆች ጋር የሚኖር ሰው ቢቀርበት እመርጣለሁ። ከሁሉም በላይ ይህን አትርሱ፦ የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ባለው ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

ቀለም የሚያስፈራችሁ ከሆነ

ሌላም መንገድ አለ። ኤልያስ ስሜ ዛሬ በዓለም የታወቀባቸው ሰፋፊ ሥራዎች ከመርካቶ በተሰበሰበ ሽቦና የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ የተሠሩ ናቸው፤ ከዚያ በፊትም ክርና ቁልፍ በሸራ ላይ እየሰፋ ይሠራ ነበር። መርፌ እንደ ዘይት ዝግ ያለ ነው፤ ግን አይሸትም፣ አያቆሽሽም፣ ልጅ ሲጠራ አስቀምጠውት ይነሣሉ። እናቶቻችን የመሶብና የጥልፍ እጅ አላቸው፤ ለእነሱ ብሩሽ ከማስያዝ ክርና ጨርቅ ይሻላል። ኮላና ያረጀ ጨርቅ ብቻ ይዞም መጀመር ይቻላል።

በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ቤይሩትም ሪያድም ያሉ እህቶቻችን ደግሞ የራሳቸው ጠረጴዛ ቀርቶ የራሳቸው ሰዓት እንኳ ላይኖራቸው ይችላል። ለእነሱ እስክሪብቶና ትንሽ ደብተር። እስክሪብቶ አይሸትም፣ ትራስ ሥር ይገባል፣ በትንንሽ ጭረት ቀስ እያለ ይጠቁራል። ስልክ ላይ መሣልም ይቻላል፤ እኔ ብዙ አልወደውም፣ የተሠራውን በአንድ ንክኪ መሰረዝ ስለሚያስችል እጅን ያስፈራል፤ ካልሆነ ግን ካለመሣል ይሻላል።

እጅ፣ ሜዳ ወይስ መስመር

ቀለሙ ከተመረጠ በኋላ የአሣሣል ምርጫ አለ። በሰፊው ሦስት መንገድ ይታየኛል።

አንደኛው በእጅ ምት የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጃክሰን ፖሎክ ከ1947 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት ሸራውን መሬት ላይ ዘርግቶ ዙሪያውን እየዞረ ቀለም ያንጠባጥብ፣ ይረጭ ነበር፤ ሥዕሉ የሰውነቱ እንቅስቃሴ አሻራ ነው። ከከሰልና ከአክሪሊክ ጋር ይሄዳል፤ ለሚፈነዳ ስሜት ነው። ሁለተኛው ሰፊ የቀለም ሜዳ ነው። ማርክ ሮትኮ ስስ ቅብ በስስ ቅብ ላይ እየደረበ ጠርዛቸው የሚተነፍስ ትልልቅ ቅርጾች ሠራ፤ የሚሻው መሠረታዊ የሆኑትን የሰው ስሜቶች፣ ሰቆቃን፣ ሐሤትን፣ ጥፋትን መግለጽ ብቻ እንደሆነም ተናግሯል። ሂውስተን ከተማ ያለው በስሙ የሚጠራው የጸሎት ቤት ከሞተ በኋላ በ1971 ሲከፈት 14 ሥዕሎቹን ይዞ ነው፤ ጥቁር ለማለት ትንሽ የቀራቸው። ይህ መንገድ ከዘይት ጋር ይስማማል፣ ታጋሽ ሰው ይፈልጋል። ሦስተኛው መስመር ነው። አግነስ ማርቲን ጎንና ጎኑ 183 ሣንቲ ሜትር በሆነ ሸራ ላይ በእርሳስና በማስመሪያ መስመር በመስመር እየደረደረች ጸጥታን ሣለች። ከሩቅ ጭጋግ ይመስላል፤ ሲቀርቡት እርሳሱ ሸራው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ሌሊት ጭንቀት እንቅልፍ ለሚነሣው ሰው ከሦስቱ የምመርጥለት ይህንን ነው፦ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ በአንድ ትንፋሽ አንድ መስመር።

አቅዶ ወይስ ሳያቅዱ? ብዙ ሰው "ስሜት ከሆነ በቀጥታ መውጣት አለበት፣ ካቀድኩት ውሸት ይሆናል" ይላል። አልስማማም። ከረቂቅ ሥዕል ጀማሪዎች አንዱ ካንዲንስኪ እጅግ የተናወጠውንና ሦስት ሜትር የሚረዝመውን "ኮምፖዚሽን 7" የተባለ ሥዕሉን በኅዳር 1913 በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀብቶ ጨርሶታል፤ ከዚያ በፊት ግን ከ30 በላይ ንድፍ ሠርቶለታል። የፍራንዝ ክላይን ግዙፍ ጥቁር ምቶች በአንድ ጊዜ ንዴት የተወረወሩ ይመስላሉ፤ ብዙዎቹ ግን በአሮጌ የስልክ ማውጫ ገጾች ላይ በትንሹ ተሞክረው ያደጉ ናቸው። ለፈጣን ስሜት አታቅዱ፤ ለሚመላለስ ስሜት ግን ትንንሽ ንድፍ ሥሩ። በተመለሰ ቁጥር አንድ።

መጠኑስ? ጠንቋይም ደብተራም የማያስጠጋ ሰው ቢሆን እንኳ የድሮውን ክታብ ጥበብ ማወቁ አይጎዳውም። ያ ዓይንና ኮከብ፣ መረብና መስቀል የተጠላለፈበት የብራና ጥቅልል በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራ ነበር፤ ከራስ እስከ እግር እንዲሸፍነው። ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ሥዕሉን ስሜቱ በተቀመጠበት የሰውነት ክፍል መለካትን ነው። ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ነገር በመዳፍ ልክ ወረቀት ይበቃዋል፤ ሙሉ አካልን ያደከመ ነገር ግን ኤ4 ወረቀት ላይ ሲጨመቅ ጌጥ ይሆናል። ትልቅ ሸራ ከሌላችሁ ካርቶን ቀጥሉ።

ስለ ቀለም ትርጉም የሚሸጠውን ዝርዝር፣ "ቀይ ቁጣ፣ ሰማያዊ እርጋታ፣ ቢጫ ደስታ" የሚለውን፣ ተዉት። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛው ጥቁር ይለብሳል፣ በላዩ ነጭ ነጠላ ይደርባል። ቢጫ ለአንዱ አደይ አበባ ነው፤ ለሌላው ከተሰደደበት መንገድ ላይ ይዞት የሄደው የውሃ ጀሪካን ሊሆን ይችላል። ሦስት ቀለም ብቻ ምረጡ፤ ሁለቱ የምትወዱት፣ አንዱ የምትጠሉት። ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሦስተኛው ነው።

ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ

ከሰልና ካኪ ወረቀት ግዙ። ስሜታችሁ ፈጣን ከሆነ ሥራው እዚያው ያልቃል፤ ካልሆነም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይነግራችኋል፦ በየቀኑ እዚያው ቅርጽ ላይ ከተመለሳችሁ ነገሩ የሚቆይ ነውና ለዘይት ወይም ለመርፌ ቆጥቡ፤ በየቀኑ ቅርጹ ከተቀያየረ አክሪሊክ፤ መስመሩን መግራት ካቃታችሁና ያንንም ከወደዳችሁት የውሃ ቀለም። ሥዕል ግን ሕክምና አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቃችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ፣ ብሩሹን አስቀምጣችሁ ዛሬውኑ ለሐኪም፣ ለቅርብ ሰው ተናገሩ።

ከመጀመራችሁ በፊት ዓይናችሁን ማለማመድ ከፈለጋችሁ አዲስ አበባ ያላችሁ 6 ኪሎ አካባቢ ወዳለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ጎራ በሉ። አንድ ሥዕል ብቻ መርጣችሁ ፊቱ ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ የትኛው ቅብ ቀድሞ እንደተቀባ፣ የትኛው እርጥብ ላይ እንደተደረበ፣ እጁ የት እንደቸኮለ ፈልጉ።

ሥዕላችሁን ስትጨርሱ ጀርባው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። የስሜቱን ስም አትጻፉበት። እኔ የአባቴ ሸራ ጀርባ ላይ "ሐዘን" ብዬ ጽፌ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ሳነሣው ግን ከፊቱ ያየሁት ቁጣ ነበር፣ ሐኪም ቤት በር ላይ ያስጠበቁን ቀን ቁጣ። ጽሑፉን በነጭ ቀለም ሸፍኜ ቀኑን ብቻ አስቀረሁ።